ጀምስ ብሩስና የቁስቋሟ ሽኮኮ

ከመካከላችን በገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ሽኮኮ ያላየ ማን አለ? ሰው ሲመጣባት ጥልቅ ትላለች ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ። መልኳ ከአይጥም ከጥንቸልም ይመሳሰላል። ለመሆኑ ዘመዷ ማን ነው ብንባል ግን ስንቶቻችን በትክክል እንመልሳለን? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው ዛሬ የጀምስ ብሩስን ሕይወት ያነሣነው።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለ ቦታ ተወለደ። ሕግ እንዲማር ቢላክም ትምህርቱ አልጣመውም። በ1754 ያገባት ሚስቱ ዓመት እንኳ ሳትሞላ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ አገር ለአገር ይዞር ጀመር፤ በአልጀርስም የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ሐሳቡ ሁሉ ግን የዓባይን መነሻ ማየት ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አስከትሎ በ1769 ምጽዋ ወረደ፤ በ1770 መጀመሪያም ጎንደር ገባ።

ጊዜው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን፣ ራስ ሚካኤል ስሑል በሥልጣን የነበሩበት ነው። በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ በሕክምና ረዳና የመኳንንቱን ፍቅር አገኘ። በዚያው ዓመት ከጎንደር ተነሥቶ በእንፍራንዝ በኩል የጣናን ምሥራቅ ዳር ይዞ ወረደ፤ ይህንኑ እኛ የምናውቀውን የፎገራን ሜዳ አቋርጦም ጢስ ዓባይን አየ። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ቢያምንም፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ነበር።

አሁን ወደ ሽኮኮዋ እንመለስ። ብሩስ ያገኛት በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ጀርባ፣ በቁስቋም ተራራ ድንጋዮች ሥር ነው። በኦሪት ሽኮኮ ታመሰኳለች ስለሚባል ነገሩን በዓይኑ ሊያረጋግጥ ፈለገ። ስለዚህ አንዷን አኖራት። ሥጋ ትበላ እንደሆነ ለማየት ቀኑን ሙሉ አስርቦ ከአንዲት ጫጩት ጋር በአንድ ሳጥን ዘጋባት። ሲነጋ ጫጩቷ ምንም አልሆነችም፤ ሽኮኮዋ ግን በረሃብ ተጎሳቁላ ነበር። እንግዲህ ይህ ሙከራ አይደል? መሣሪያ የለው፣ ላቦራቶሪ የለው፤ አንድ ሳጥንና አንድ ጥሩ ጥያቄ ብቻ። ሆኖም ታመሰኳለች ብሎ መደምደሙ ትክክል አልነበረም፤ አፏን እንደሚያመሰኳ ብታንቀሳቅስም ጨጓራዋ የላም ዓይነት አይደለም።

ከብሩስ በፊት በ1766 ፓላስ የተባለው ሊቅ የደቡብ አፍሪካዋን ሽኮኮ ከአይጥ ወገን ቆጥሯት ነበር። ቆየት ብሎ ኩቪየ አጥንቷን መርምሮ ወደ አውራሪስ አስጠጋት። በእርግጥም የፊት እግሯ አራት፣ የኋላ እግሯ ሦስት ጣት አለው፤ ጥፍሮቿም አብዛኞቹ ጠፍጣፋና ሰኮና መሰል ናቸው። ዛሬ በዘር ምርመራ እንደተረጋገጠው ግን የቅርብ ዘመዶቿ ዝሆንና ዱጎንግ የተባለው የባሕር እንስሳ ናቸው። የፎገራ ላም፣ በግና ፍየል በሌላ ወገን ይመደባሉ፤ የጣናው ጉማሬም ከእነሱ ጋር ነው፤ የጉማሬ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ዓሣ ነባሪ ነው! አህያና ፈረስ ከአውራሪስ ጋር ይሄዳሉ። ስለዚህ ሰኮና ብቻውን ዝምድናን አይመሰክርም።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናርና በኑብያ በረሃ በኩል ከብዙ መከራ በኋላ አገሩ ገባ። ያየውን ሲያወራ ግን ለንደን ሳቀችበት። በተለይ ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ ውሸታም አሰኘው። አንዳንዱማ ጭራሽ ኢትዮጵያን አላየም ይል ነበር። አኩርፎ ወደ ርስቱ ገባ፤ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። የሽኮኮዋም ታሪክ ከሥዕሏ ጋር እዚያው አለ።

ይሁን እንጂ አላመኑኝም ብሎ ያዘነው ሰው ራሱ እውነት ደብቋል። ባሉጋኒ ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ የሞተው በ1771 ጎንደር ነው። ብሩስ ግን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሠዓሊውንም ሥራ የራሱ አስመሰለው። ብሩስ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ከሞተ በኋላ፣ ከወረቀቶቹ መካከል በባሉጋኒ እጅ የተጻፈ የግሽ ጉዞ ማስታወሻ ተገኘ፤ ነገሩም ተጋለጠ።

በ1868 አንዲት የሽኮኮ ዝርያ በብሩስ ስም ተጠራች። ስሙ እስከ ዛሬ አለ፤ ባሉጋኒን ግን ስንቱ ያውቀዋል?

እኛ ነገ ከተማሪዎቻችን ፊት የምንቆም ነን። ከብሩስ ጠይቆ መሞከርን እንውሰድ። ተማሪ ያገኘውን ግን ተማሪው አገኘ እንበል። ሽኮኮዋንም በመልኳ ብቻ አይጥ ብለን አንለፋት፤ እግሯንና ጥርሷን እንይ።