ክሪስቶፈር ሾልስና የፊደላቱ አሰዳደር

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር የቁልፍ ሰሌዳውን ቋንቋ ወይም የፊደል አሰዳደር መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁልፉ ባለበት ይቆያል፣ የሚለወጠው ከቁልፉ የሚወጣው ፊደል ብቻ ነው። ሰሌዳውን ላወጣው ለክሪስቶፈር ሾልስ ግን ይህ አልተቻለውም።

ሾልስ እ.ኤ.አ. በ1819 በፔንሲልቬንያ ተወለደ። የኅትመት ሙያ ተምሮ በዊስኮንሲን የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1868 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለጽሕፈት መኪና የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሰሌዳው የፒያኖ መምቻ ይመስል ነበር። ፊደሉ የተቀረጸበት እያንዳንዱ ዘንግ ከቁልፉ ጋር በብረት የተያያዘ ስለ ነበረ፣ አንዱን ፊደል ማዛወር መኪናውን እንደገና የመሥራት ያህል ነበር። ሾልስ ግን ሳይሰለች ለዓመታት አፈራረቀ። በ1873 ሬሚንግተን ኩባንያ ሥራውን ተረከበ፤ በ1874 ለገበያ የቀረበውም መኪና ትልልቅ ፊደላትን ብቻ ይጽፍ ነበር። በኪው፣ በደብሊዩና በኢ የሚጀምረው አሰዳደር የጸናው ከዚህ ወዲያ ነው። ለምን እንዲህ እንደ ተሰደረ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሾልስ ራሱ በዚያ አልረጋም። በ1889 ፈጽሞ የተለየ አሰዳደር ነድፎ ለፈጠራ መብት አመለከተ፤ በየካቲት 1890 በሚልዋኪ ሞተ። መብቱ የተሰጠው በ1896 ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የጸሐፊዎቹ ጣቶች የቀድሞውን ለምደው ነበር።