ኡልፍ ፎን ኦይለር፦ ከፕሮስታግላንዲን ግኝት እስከ ጅማ የአስም ጥናት

መግቢያ

አስም የአየር ቧንቧ ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ብግነቱን ከሚመሩት የኬሚካል መልእክተኞች መካከል አንዱ ወገን ከሕዋስ ሽፋን ቅባት የሚሠራ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ እውቀት በር ከከፈቱት ሊቃውንት አንዱ የሆኑትን የስዊድናዊውን የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የኡልፍ ፎን ኦይለርን ሕይወት ይተርካል፤ ሥራቸው በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ለሚደረግ ምርምር ያለውንም ፋይዳ ያመለክታል።

ልደትና ትምህርት

ፎን ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1905 በስቶክሆልም ተወለዱ። አባታቸው ሃንስ ፎን ኦይለር ኬልፒን በ1929 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ እናታቸው አስትሪድ ክሌቨም የታወቁ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። ፎን ኦይለር ሕክምናን በካሮሊንስካ ተቋም ካጠኑ በኋላ በ1930 ለንደን ወደሚገኘው የሄንሪ ዴል ቤተ ሙከራ ሄዱ። በዚያም ከጆን ጋደም ጋር ሆነው ከአንጎልና ከአንጀት ያወጡትን፣ በኋላ ንጥረ ነገር ፒ የተባለውን ውህድ በ1931 ይፋ አደረጉ። ከዚህ ቆይታ የቀሰሙት የአሠራር ልማድ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም፤ ይኸውም ከአካል ክፍል ጭማቂ አውጥቶ በልሙጥ ጡንቻና በደም ግፊት ላይ መፈተን፣ ቀድሞ በታወቁ ንጥረ ነገሮች ሊብራራ የማይችለውንም ምላሽ መከታተል ነው።

ግኝቱና ስያሜው

የዘር ፈሳሽ የማኅፀንን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ በ1930 በኒው ዮርክ ኩርዝሮክና ሊብ አስተውለው ነበር። ፎን ኦይለር አንድ እርምጃ ወደፊት ተራምደው፣ ልሙጥ ጡንቻን የሚያኮማትረውና የደም ግፊትን የሚቀንሰው ነገር በቅባት ውስጥ የሚሟሟ አሲድ መሆኑን አሳዩ። ከፕሮስቴት እጢ የመነጨ ስለመሰላቸውም በ1935 ፕሮስታግላንዲን ብለው ሰየሙት። ዋናው የፈሳሹ ምንጭ የዘር ፈሳሽ ከረጢት እንደሆነ፣ ንጥረ ነገሩንም አብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት እንደሚሠሩት በኋላ ቢታወቅም ስያሜው እንደጸና ቀረ።

የሥራው መተላለፍ

ውህዱ በጣም በጥቂቱ የሚገኝ ስለነበረ አጥርቶ ማውጣቱ የኬሚስት ሙያ ይጠይቅ ነበር። ፎን ኦይለር ያከማቹትን ጭማቂ በ1945 ለወጣቱ ሱኔ በርግስትሮም ሰጡ፤ እርሳቸው ወደ ነርቭ ጥናት አዘነበሉ፤ በ1946ም ኖርአድሬናሊን የሲምፓቴቲክ ነርቮች መልእክት አስተላላፊ መሆኑን አሳዩ። በርግስትሮምና ባልደረቦቻቸው ፕሮስታግላንዲንን አጥርተው አወጡት፤ ከአራኪዶኒክ አሲድ እንደሚሠራም በ1964 ታወቀ። የበርግስትሮም ደቀ መዝሙር ቤንግት ሳሙኤልሶን ደግሞ ከዚሁ አሲድ የሚወጡትን ሉኮትራይኖች በ1979 ለዩ። ፌልድበርግና ኬላዌይ በ1938 ከሳንባ ሲወጣ ያስተዋሉት፣ በዝግታ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ማንነቱ የተፈታው በዚህ ጊዜ ነው።

ፎን ኦይለር በ1970 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በነርቭ ጥናታቸው ነበር። የፕሮስታግላንዲን ሽልማት በ1982 ለበርግስትሮም፣ ለሳሙኤልሶንና ለጆን ቬን ተሰጠ። ፎን ኦይለር ይህን አይተው በመጋቢት 1983 አረፉ።

ከቅባት ወደ አስም

ሕዋስ በአለርጂ ሲነቃቃ አራኪዶኒክ አሲድ ከሽፋኑ ይለቀቅና በሁለት ዋና መንገዶች ይሄዳል። በሳይክሎኦክሲጅኔዝ በኩል ፕሮስታግላንዲኖች ይሠራሉ፤ ከእነዚህ ዲ2 የአየር ቧንቧን ሲያጠብ ኢ2 በአብዛኛው ያሰፋዋል። በሊፖክሲጅኔዝ በኩል የሚሠሩት ሉኮትራይኖች ደግሞ ቧንቧውን አጥብቀው ያኮማትራሉ፣ አክታ ያበዛሉ፣ ከደም ሥር ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይጠራሉ። አስፕሪን የመጀመሪያውን መንገድ ስለሚዘጋ፣ በአንዳንድ ሕሙማን የሁለተኛው ጉልበት አይሎ አስም ይቀሰቀሳል።

የጅማ ጥያቄ

ፎን ኦይለር ባረፉበት ዓመት የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ተመሠረተ። ተቋሙ ከኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደውና በ1997 የታተመው ጥናት በጅማ ከተማና በገጠር ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎችን አካትቷል። ሲርሲርታና አስም በከተማ ከገጠር ይልቅ በዝተው ተገኙ፤ ለቤት አቧራ ተባይ የሚታይ የቆዳ አለርጂ በከተማ ከሲርሲርታ ጋር ሲያያዝ በገጠር ግን እንዲህ ያለ ትስስር አልታየም። በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲርሲርታ አነስ ያለባቸው መሆኑን አመለከተ። ይህ ግን ትሉን ጠቃሚ አያሰኘውም፤ ደም ማነስን የሚያስከትል ጥገኛ ነውና።

ማጠቃለያ

አለርጂው ባለበት ሰው ሁሉ አስም የማይከሰት ከሆነ፣ ልዩነቱ ከአለርጂው በኋላ ባለው ሰንሰለት ሊሆን ይችላል፤ የቅባት መልእክተኞችም የዚሁ ሰንሰለት ክፍል ናቸው። ሉኮትራይን ኢ4 በሽንት ሊለካ ስለሚችል ሐሳቡ ለፈተና ክፍት ነው። በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና አቧራ የሚተነፍሱ ሠራተኞችን ከገበሬ ጎረቤቶቻቸው ጋር ማነጻጸር አንዱ መነሻ ይሆናል፤ የጥሬ ቡና አቧራ በሥራ ላይ አለርጂ እንደሚያስከትል የታወቀ ነውና። የፎን ኦይለር ሕይወት ለተመራማሪ የሚተወው ትምህርትም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ያልተፈታን ጥያቄ በሚገባ ለይቶ ለተተኪ ማስረከብ ራሱ የምርምር ፍሬ ነው።