ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውና የጎሬ አመሠራረት

የኢሉባቡር ከተሞች እንዴት እንደተቆረቆሩ ለማወቅ የሚሻ የሕንፃና የከተማ ፕላን ባለሙያ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የአንድ የጦር መሪን ሕይወት ነው። ከሸዋ መኳንንት ወገን የተወለዱት ተሰማ ናደው የሕንፃ ትምህርት የቀሰሙ ሰው አልነበሩም። ሆኖም በምዕራቡ ጠረፍ የዋለው የከተማ አሠራር ከእርሳቸው ስም ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ኢሉባቡርን እንዲያስተዳድሩ ተሹመው መቀመጫቸውን ጎሬ ላይ ባደረጉ ጊዜ ይዘውት የመጡት ፕላን በወረቀት የተነደፈ ሳይሆን ሠራዊት ሲሰፍርበት የኖረ ልማድ ነበር። በዚህ ልማድ መሠረት የገዢው እልፍኝና አዳራሽ በከፍታው ላይ ሆኖ በአጥር ይከበራል፤ የጦር አለቆች እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸው በየአቅጣጫው ይሰፍራሉ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከልም ባዶ ሜዳ ይተዋል። አዲስ አበባም ብትሆን የተወለደችው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የአሰፋፈሩ ሥርዓት ከሸዋ ይምጣ እንጂ ቤቱ የቆመው በኢሉባቡር እንጨትና ሣር ነው። ዝናቡ ለብዙ ወራት በሚዘልቅበት በዚያ የደን አገር ክዳኑ ምን ያህል መሾል እንዳለበት፣ የትኛው እንጨት ምስጥ እንደሚችል የሚያውቀው የአገሩ የኦሮሞ ገበሬ ነበር። ማገሩን የቆረጠውም፣ ሣሩን ያጨደውም፣ አጥሩን ያጠረውም እርሱ ነው፤ ይህንንም ያደረገው በገባርነት ግዴታ እንጂ በደመወዝ አልነበረም። የጎሬን አመሠራረት የሚያወሳ ጽሑፍ ይህን ዘሎ ካለፈ የሕንፃውን ታሪክ እኩሌታ ጣለ ማለት ነው።

በ1890 ዓ.ም. ተሰማ ገና ደጃዝማች ሳሉ ጦራቸውን ይዘው ወደ ነጭ ዓባይ ወረዱ። አብረዋቸውም ፈረንሳዊው ፌቭር፣ የስዊስ ተወላጁ ሠዓሊ ሞሪስ ፖተርና የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ተጓዙ። በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደርሰው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ፤ በምዕራብ በኩል ይመጣ የነበረው የማርሻን የፈረንሳይ ጦር ግን ገና አልደረሰም ነበር። ደገኛው ሠራዊት በንዳድና በረግረግ ስለ ተጎዳ ደጃዝማች ተሰማ በዚያ ሳይቆዩ ተመለሱ። ፖተርም ከዚያ ጉዞ በሕይወት አልተመለሰም። ቆላው የደጋ ሰው ሊሰፍርበት የሚችል አገር አለመሆኑ በዚህ ዘመቻ በግልጽ ታየ፤ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጎሬ ጉብታ ዋጋም ከዚህ በኋላ ይበልጥ ጎላ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ሲቋቋም ከካርቱም የሚነሱ መርከቦች ወንዙ በሚሞላበት ክረምት እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ የኢሉባቡርን ቡና ይጭኑ ጀመር። ጭነቱ በበቅሎና በሰው ትከሻ ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች ጎሬ ገቡ፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ተከፈተ። ለጦር የተቆረቆረው ሰፈር እንዲህ ሆኖ የገበያ ከተማ ሆነ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን በኅብረት የሕንፃ ሥራን የሚያስተምሩበት ተቋም የተከፈተው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ጎሬ ላይ ግን ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ የሸዋው ወታደር፣ የኢሉባቡሩ ገበሬና ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ አንዱ የሌላውን አሠራር እያየ በአንድ ጉብታ ላይ ቤት ይሠራ ነበር። መምህርም ፈተናም አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ትምህርት በእኩልነት የተገኘ ነበር ብሎ ማሞገስ ግን ስሕተት ይሆናል።

ተሰማ በ1902 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነው በአዲስ አበባ ከፍተኛውን ሥልጣን ያዙ፤ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ግን በድንገት ዐረፉ። ከተማቸው ከእርሳቸው በኋላም ትልቅ ታሪክ ጠበቃት፤ በ1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛውሮ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ሲመራ ቆየ፤ በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጣሊያኖች እስኪይዟት ድረስም የነፃው አስተዳደር ማዕከል ሆና ዘለቀች።

የአስተዳደሩ መቀመጫ ኋላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ መቱ ተዛወረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሚገኘውም በመቱ ነው፤ ተሰማ የመረጡት ጉብታ ከዚያ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።