ፈተና ብቻውን አይበቃም ያሉት ሊቅ፤ የኤድስኸር ዳይክስትራ ሕይወትና ሥራ

በቡታጅራ አጠገብ በምትገኘው በእንሴኖ ከተማ የማረቆ በርበሬ የሚነግድ ሰው የአዲስ አበባን ገበያ ዋጋ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ዛሬ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ቃላት መላክ ይበቃዋል። መልእክቱ ግን እንደ ወፍ ቀጥ ብሎ የሚበር አይደለም። አንዱ ኮምፒዩተር ለሌላው እያቀበለው፣ ከብዙ መንገዶችም አንዱ እየተመረጠለት ይጓዛል። በነዚህም ኮምፒዩተሮች ውስጥ ከመሥመሩ ጋር የሚያገናኝ ካርድ አለ። ካርዱና ኮምፒዩተሩ እንዲግባቡ የሚያደርገው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፤ ሥራውም የአስተርጓሚ ሥራ ነው። አስተርጓሚው የተሳሳተ እንደ ሆነ መልእክቱ ይጠፋል፤ ከዚያም የባሰ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ ደርቆ ይቀራል።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። መልእክቱ አጭሩን መንገድ በምን ያገኛል? አስተርጓሚውስ የሚታመን መሆኑ በምን ይረጋገጣል? በሁለቱም ጥያቄዎች ላይ የደከሙ አንድ የሆላንድ ሊቅ ነበሩ። ስማቸው ኤድስኸር ዳይክስትራ ይባላል። ዛሬ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ዳይክስትራ ግንቦት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. በሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1930 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር፣ እናታቸውም የሒሳብ ዐዋቂ ነበሩ። ልጃቸው በወጣትነቱ ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመወከል ያስብ ነበር። በኋላ ግን ወደ ሳይንስ አዘነበሉና በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሒሳብ ተማሩ። በ1951 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የሦስት ሳምንት የፕሮግራም ትምህርት እንደሚሰጥ አባታቸው ማስታወቂያ አይተው ላኳቸው። ያ ሦስት ሳምንት የሕይወታቸውን መንገድ ለወጠው። በሚከተለው ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ተቀጥረው ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ይህ ሙያ ገና ስም አልነበረውም። በ1957 ዳይክስትራ ሲያገቡ በጋብቻው መዝገብ ላይ ሥራቸውን ፕሮግራም ጸሐፊ ብለው ቢያስመዘግቡ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹሞች እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለው አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቅ ተብለው ተጻፉ።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማዕከሉ አርማክ የተባለውን አዲስ ኮምፒዩተር ለሕዝብ ለማሳየት ይዘጋጅ ነበር። ሒሳብ የማያውቅ እንግዳ ሁሉ የሚረዳው ጥያቄ ማግኘት አስፈለገ። ዳይክስትራም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው ነው የሚለውን መረጡ። መልሱን ያገኙት ከእጮኛቸው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው በአንድ ቡና ቤት አረፍ ባሉበት ጊዜ፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዙ፣ በ20 ደቂቃ ያህል ነው። ለትርኢቱም 64 የሆላንድ ከተሞችን የያዘ ካርታ ተዘጋጀ።

ዘዴው ቀላል ነው። ከመነሻው ተነሥቶ በጣም ቅርብ የሆነውን ቦታ ማጽናት፤ ከዚያ ቦታ ወደ ጎረቤቶቹ ያለውን ርቀት መደመር፤ አጭር መንገድ በተገኘ ጊዜ ረጅሙን መሰረዝ፤ መድረሻው እስኪጸና ድረስም እንዲሁ መቀጠል ነው። ከአዲስ አበባ ቡታጅራ የሚሔድ ሰው በዓለም ገና በኩል ወይም በሞጆና በዝዋይ ዞሮ ሊደርስ ይችላል። ሰው የትኛው እንደሚያጥር በልማድ ያውቀዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ልማድ ስለሌለው ይህን ስሌት ይሠራል። በ1959 በሦስት ገጽ ታትሞ የወጣው ይህ ዘዴ፣ ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ የኔትዎርክ መሣሪያዎች ውስጥ መልእክት የሚሔድበትን መንገድ ይመርጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን በቡና ቤት የሚፈታ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሎፕስትራና ስኮልተን የተባሉት መሐንዲሶች ኤክስ 1 የተባለውን ኮምፒዩተር ሲነድፉ አዲስ ነገር ጨመሩበት። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተሩ ቀርፋፋው የጽሕፈት መኪና ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግን ኮምፒዩተሩ ስሌቱን ይቀጥላል፤ የጽሕፈት መኪናው ሥራውን ሲጨርስ ምልክት ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም የያዘውን አቋርጦ ያስተናግደዋል። የዛሬው የኔትዎርክ ካርድም መልእክት ሲደርሰው ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሰው በዚሁ ዓይነት ምልክት ነው።

መሐንዲሶቹ በዚህ ሲደሰቱ ዳይክስትራ ፈሩ። የፍርሃታቸው ምክንያት ይህ ነበር፤ ምልክቱ በየትኛውም ቅጽበት ሊመጣ ስለሚችል አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት ሆኖ አይሔድም። ዛሬ የታየው ስሕተት ነገ ቢፈለግ አይገኝም፤ ያልተገኘንም ስሕተት ማረም አይቻልም። በዚህ የተነሣ ዳይክስትራ ነገሩን ወራት ያህል አዘገዩት። በመጨረሻ ሲስማሙም የሚጽፉት ፕሮግራም በማይለወጥ ማኅደር ውስጥ የሚቀረጽ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ገና ተሠርቶ ስላላለቀ መሞከሪያ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱን ትእዛዝ በአእምሮ እየመረመሩ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ግድ ሆነባቸው። በ1959 የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙበት ጽሑፍ የተጻፈው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ኤክስ 8 ለተባለው ኮምፒዩተር አንድ ትልቅ የማስተዳደሪያ ፕሮግራም ሠሩ። ብዙ ሥራዎች በአንድነት ሲሔዱ እንዳይጋጩ፣ ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ እንዳይገናኙ ከሚያደርገው ምልክት ስሙን የተዋሰ ዘዴ አበጁ። ፕሮግራሙንም እንደ ፎቅ ቤት በደርብ በደርብ ከፈሉት። የታችኛው ደርብ ኮምፒዩተሩን ለየሥራዎቹ ያካፍላል፣ የሰዓቱንም የማቋረጫ ምልክት ይይዛል፤ በላዩ ማኅደሩ፣ ከዚያም የመግቢያና የመውጫ መሣሪያዎች ይከተላሉ። የታችኛው ደርብ ተፈትኖ ሳያልቅ የላይኛው አይጨመርም። እንዲህ በመሆኑ በየደርቡ የሚያስፈልገው ፈተና የሚቆጠርና የሚያልቅ ሆነ። በ1968 በታተመው ጽሑፋቸው እንደ ገለጹት፣ በፈተናው የተገኙት ጥቃቅን የአጻጻፍ ስሕተቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ሲሆኑ እያንዳንዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተገኝቷል።

በዚያው ጽሑፍ ግን ጉድለታቸውንም አልደበቁም። መሣሪያዎቹ ሁሉ ዘወትር ደኅና እንደሚሆኑ አድርገው ለረጅም ጊዜ በማሰባቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጥቶ አስቸግሯቸው ነበር።

የዛሬዎቹ ላቦራቶሪዎች ይህን ትምህርት በሥራ ላይ አውለውታል። የኔትዎርክ ድራይቨር በሚፈተንበት ክፍል ሁለት ኮምፒዩተሮች በገመድ ይገናኛሉ፤ ሦስተኛው ያዝዛቸዋል። አዲስ ድራይቨር በተጻፈ ቁጥር አዛዡ ኮምፒዩተር ይጭነዋል፤ ትንንሽና ትልልቅ መልእክት ያስልካል፤ ግንኙነቱን በድንገት አቋርጦ መልሶ ይቀጥላል፤ ድራይቨሩን ደጋግሞ ያነሣል፣ ይተክላል። ተፈታኙ ደርቆ ከቀረ አዛዡ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ያበራለታል። ከመድረቁ በፊት የተናገረውንም የመጨረሻ ቃል በሌላ መሥመር ተቀብሎ ይመዘግባል። ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት መጥቶ ውጤቱን ያነባል።

ይህ እጅግ የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን ዳይክስትራ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስተማሩት ነገር አሁንም አልተሻረም። ፈተና ስሕተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሺህ ሌሊት ያለፈ ድራይቨር በሺህ አንደኛው ሌሊት ሊወድቅ ይችላል፤ ምልክቱ የሚመጣበትን ቅጽበት ሁሉ ፈትኖ የሚጨርስ የለምና። ስለዚህ ጥሩ ላቦራቶሪ የድራይቨሩን ክፍሎች አስቀድሞ ለየብቻቸው ይፈትናል፤ የተጠፋፋ ስሕተት ተመልሶ እንዲገኝም ድራይቨሩ፣ ካርዱና ገመዱ የትኞቹ እንደ ነበሩ በዝርዝር ይጽፋል።

ዳይክስትራ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ። ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከ1,300 በላይ የሆኑ ጽሑፎቻቸውን ቁጥር እየሰጡ፣ ብዙዎቹንም በቀለም ብዕር እየጻፉ፣ ቅጂውን ለወዳጆቻቸው ያድሉ ነበር። የኮምፒዩተር ሊቅ ሆነው ሳለ ለራሳቸው ኮምፒዩተር ሳይገዙ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ንግግራቸው የሚቆጠቁጥ ነበር። ትልልቅ ፕሮግራሞችን በሒሳብ ማረጋገጫ ብቻ መሥራት አይቻልም ብለው የተከራከሯቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህም ነቀፋ እውነት አለበት። እሳቸው ግን ማሰብን በሙከራ ብዛት ለመተካት እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በኑነን መንደር በካንሰር በሽታ ያረፉት ሐምሌ 30 ቀን 1994 ዓ.ም. ማለት በ2002 ነው።

በወልቂጤም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ የሚማሩ ወጣቶቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት አለ። ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮችና አንድ ገመድ ያለው ሰው የፈተናውን ክፍል ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብሎ ማሰብ፣ ካለፈም በኋላ አለመኩራት ነው። የሌሊቱን ድካም ለመኪና መተው ይቻላል፤ ማሰቡን ግን ለመኪና ትቶ የሚተኛ ሰው የዳይክስትራን ትምህርት ገና አልተማረም።