የናፍጣ ሞተር አባት ሩዶልፍ ዲዝልና የለውዝ ዘይት

ዳገት እያቃሰተ የሚወጣውን የጭነት መኪና ሞተር ሁላችንም ዲዝል እንለዋለን። ዲዝል የሰው ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እነሆ፣ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። በ1870 የፈረንሳይና የፕረሻ ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ ሩዶልፍ ግን ጀርመን አገር አውግስቡርግ ወደሚኖር ዘመዱ ተላከ። ይህ ዘመዱ የሂሳብ መምህር ነበር። እኛ እጩ መምህራን ይህችን ነጥብ ልብ እንበላት።

ዲዝል ሙኒክ ሲማር የእንፋሎት ሞተር ከከሰሉ ኃይል አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ከመምህሩ ከካርል ፎን ሊንደ ተረዳ። ይህ ብክነት እንቅልፍ ነሣው። ታዲያ ምን አሰበ? የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ ይግል የለም? አየር በኃይል ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ ነዳጅ ሲረጭበትም ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በ1893 በተደረገው ሙከራ መለኪያው ፈንድቶ ዲዝል ለጥቂት ተረፈ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። በ1897 ሞተሩ ከነዳጁ ኃይል ከመቶ 26 ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ።

በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ነገሩን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ዲዝል ራሱ በ1912 የአትክልት ዘይት ወደፊት ትልቅ ነዳጅ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ፤ ይሁን እንጂ ከመሬት የሚወጣው ነዳጅ ገበያውን ያዘው።

ፈጠራው ብዙ ገንዘብ አስገኝቶለት ነበር። ግን በክርክርና ባልተሳካ ንግድ አለቀ። መስከረም 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ሌሊት ጠፋ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ባሕር ላይ ተገኘ። ትቶት የሄደው ዕዳ ነበር። አሟሟቱም እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ነው።

የለውዝ ዘይቱ ሐሳብ ግን አብሮት አልሞተም። ዛሬ በብዙ አገሮች ከምግብ ቤት የተጠበሰበትን ዘይት ሰብስበው ባዮዲዝል የሚያደርጉ ነጋዴዎች አሉ። ዘይቱ ይጣራል፤ ውሃው ይወገዳል፤ ከሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲደባለቅ ወፍራሙ ዘይት ይቀጥናል፤ ግሊሰሪኑም ወደ ታች ይዘቅጣል። 100 ኪሎ ዘይት 10 ኪሎ ያህል ሜታኖል ይፈልጋል፤ 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝል ይወጣዋል። ሜታኖል መርዝና ተቀጣጣይ ስለሆነ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

አሮጌ ዘይት በነፃ ቢገኝ እንኳ ትርፉ በነፃ አይገኝም። ለመሰብሰቢያው መኪና፣ ለሜታኖሉ፣ ለማጣሪያውና ለጥራት ምርመራው ይከፈላል። ውሃ ወይም ሳሙና የቀረበት ነዳጅ የደንበኛውን ሞተር ያበላሻል፤ ደንበኛውም ሁለተኛ አይመለስም።

እንግዲህ ከዲዝል ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ብክነትን አይቶ ዝም አለማለት። ሁለተኛ፣ የሠራ ሞተር ሁሉ ባለቤቱን አያበላም፤ ከብልሃቱ ጋር ሂሳቡም መያዝ አለበት። ነገ ክፍል ገብተን ስለ ሙቀትና ግፊት ስናስተምር ይህን ሰው ከነሞተሩና ከነዕዳው እናስታውሰው።