ሊቀ ሐዋርያት ቅዱስ ጴጥሮስ፦ የካደበት እሳትና የታረቀበት እሳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ክረምቱ መጥቷል፤ የሰኔ ጾምም ገብቷል። በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በቦሌ ሚካኤል፣ በገርጂ ጊዮርጊስ ወይም በሲኤምሲ ሚካኤል አስቀድሳችሁ፣ ነጠላችሁን ከጭቃው ሰብስባችሁ ስትወጡ ይህችን ጽሑፍ ይዛችሁ ይሆናል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ጾም ትጾማላችሁ? ወይስ እንደ ብዙዎቻችን የቄስ ጾም ነው ብላችሁ አልፋችሁታል?

ጾመ ሐዋርያት ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው፤ ካህንና ምእመን አይለይም። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጀምርና ሐምሌ 5 ቀን በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ በዓል ያበቃል። ስለዚህ እንደ ትንሣኤው አዋዋል አንዳንድ ዓመት ይረዝማል፣ አንዳንድ ዓመት ያጥራል። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ለስብከት ከመሰማራታቸው በፊት የጾሙት ነው። ከእነዚያ ጾመኞች መካከል ደግሞ ወድቆ የተነሣ አንድ ሰው ነበረ። ዛሬ ስለ እርሱ እንነጋገር።

ስሙ ስምዖን ነው፤ የዮና ልጅ፣ የቤተ ሳይዳ ሰው። በገሊላ ባሕር ዓሣ እያጠመደ የሚኖር ባለትዳር ነበር። አማቱ በንዳድ ታማ ጌታችን በቅፍርናሆም በቤቱ ፈውሷታል። መጀመሪያ ወደ ጌታ ያመጣው ወንድሙ እንድርያስ ነው። ጌታም ኬፋ ብሎ ጠራው፤ ጴጥሮስ ማለት ነው፣ ትርጓሜውም ዐለት።

ጴጥሮስ ቶሎ የሚነሣ፣ ቶሎ የሚናገር ሰው ነበር። በባሕር ላይ ለመራመድ ከታንኳ የወረደው እርሱ፣ ነፋሱን አይቶ ፈርቶ መስጠም የጀመረውም እርሱ ነው። በፊልጶስ ቂሣርያ ጌታ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ክርስቶስ እንደሆነ መሰከረ። በመጨረሻዋ ሌሊት ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ቢሸሹ እንኳ እርሱ እስከ ሞት እንደማይክድ ማለ።

ታዲያ ምን ሆነ? በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሌሊቱ ብርድ ነበር። ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቃሉ፤ ጴጥሮስም አብሯቸው ቆመ። በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የነበረው ሰው በአንዲት ገረድ ጥያቄ ተሸነፈ። ሦስት ጊዜ ጌታውን አላውቀውም አለ። ዶሮ ጮኸ፤ ጌታም ዘወር ብሎ አየው። ጴጥሮስ ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ! በዚያች ሌሊት ይሁዳም ጴጥሮስም በድለዋል፤ ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ ግን ተስፋ ቆርጦ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ ዕንባውን ይዞ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ።

ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አደሩ። ሲነጋ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ መረባቸውን በቀኝ በኩል እንዲጥሉ አዘዛቸውና 153 ትልልቅ ዓሦች ያዙ። ጴጥሮስ ጌታ መሆኑን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ ባሕር ውስጥ ዘሎ ገባ። በዳርቻው ግን ፍም ተነጥፎ፣ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ፍም ዳር የካደውን ሰው ጌታ ፍም ዳር አቀረበው። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ ይወደው እንደሆነ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ስለዚያች ሌሊት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረውም።

አንዲት ገረድ ያስፈራችው ያ ሰው በበዓለ ሃምሳ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሰበከ፤ በዚያን ቀን 3,000 ያህል ነፍስ ተጠመቀ። ሄሮድስ ሊገድለው ሲያስረው በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ እንቅልፉን ተኛ። የመቶ አለቃውን ቆርኔሌዎስን አስተምሮ እንዲጠመቅ አደረገ፤ ሁለት መልእክታትም ጽፎልናል። በመጨረሻም በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በ60ዎቹ ዓመታት በሮም፣ በኔሮን ዘመን ተሰቀለ። እንደ ጌታው ቀጥ ብሎ መሰቀል አይገባኝም ብሎ ቁልቁል መሰቀልን እንደለመነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች።

በስሙ የተጠሩት አቡነ ጴጥሮስም በአገራችን ይህንኑ ጽናት አሳይተዋል። ሕዝቡ ለፋሺስት እንዲገዛ አላዝዝም፣ አርበኞችንም አላወግዝም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።

የእኛ ፈተና ግን ብዙ ጊዜ እንደ ገረዷ ጥያቄ ትንሽ ነው። ቦሌ ካለው መሥሪያ ቤት ለምሳ ወጥተን ጓደኞቻችን ጥብስ ሲያዝዙ፣ በሰኔ ምን ጾም አለ ተብለን ስንሳቅበት፣ ዝም ብለን አብረን እንበላለን። አንዳንዴም ላለማፈር ብቻ ክርስትናችንን እንደብቃለን። እሳቱ ሞቅ ይላል እኮ! ግን ወድቀን ከሆነ በዚያው አንቅር። ጾሙ ገና አላለቀም፤ የንስሐ አባታችን በር አልተዘጋም። ዛሬ ደውሉላቸው። በሁለተኛው እሳት ዳር የሚጠብቀን ጌታ ነውና።

የቅዱስ ጴጥሮስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።