ኢልያ ሜችኒኮፍና የሰውነታችን ዘበኞች

በዚህ ዓመት በባዮሎጂ ትምህርታችን ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት በተማርን ጊዜ፥ ሥራቸውን አስቀድሞ የተረዳውን ሰው ለማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህ የኢልያ ሜችኒኮፍን ታሪክ በአጭሩ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው በካርኮቭ ከተማ አውራጃ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ፥ በ22 ዓመቱ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። ነገር ግን ዕውቀቱ ከኀዘን አላዳነውም። በ1873 ዓ.ም. ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ በሞተችበት ጊዜ የገዛ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ። ሆኖም ተርፎ ወደ ምርምሩ ተመለሰ።

በ1882 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ለቆ በሲሲሊ ደሴት በሜሲና ተቀመጠ። በዚያም የባሕር ኮከብ የተባለውን እንስሳ እጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ በገላው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዘዋወሩ ሕዋሳት አየ። እሾህ ሲወጋን ቦታው መግል እንደሚቋጥር ሁላችንም እናውቃለን። እርሱም ሕዋሳቱ ባዕድ ነገርን ይዋጉ እንደ ሆነ ለመፈተን፥ እሾህ ቀጥፎ በእጩ ገላ ውስጥ ሰካ። በማግሥቱ ማለዳ ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኘ። እንዲህ ያሉት ሕዋሳት ፋጎሳይት ተባሉ፤ ትርጓሜውም በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው። ትልልቆቹንም ማክሮፋጅ ብሎ ሰየማቸው።

ብዙ ሊቃውንት ግን በሽታን የሚከላከለው የደም ፈሳሽ እንጂ ሕዋስ አይደለም ሲሉ ተቃወሙት። በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ ወደሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ገብቶ ለዓመታት በምርመራ ተከራከራቸው። በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የፈሳሹን ወገን ይደግፍ ከነበረው ከጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ ጋር ተካፈለ። በ1916 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፈ።

ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ እንደ ነበራቸው ኋላ ታወቀ። በ1961 ዓ.ም. ዣክ ሚለር አዲስ ከተወለዱ አይጦች ታይመስ የተባለችውን ዕጢ ቢያወጣ፥ አይጦቹ በሽታን መቋቋም ተሳናቸው። ይህች ከደረታችን አጥንት ኋላ ያለች ዕጢ እንደ ትምህርት ቤት ናት። ከአጥንት መቅኔ የሚመጡት ሕዋሳት በእርሷ ውስጥ ይፈተናሉ። የሰውነታችንን ምልክት መለየት የማይችሉት ይሞታሉ፤ የገዛ ሰውነታችንን አጥብቀው የሚያጠቁትም አብዛኞቹ ይወገዳሉ። የሚያልፉት ጥቂቶች ቲ ሴል ይባላሉ። እነርሱም በሁለት ዋና ዋና ክፍል ይመደባሉ፤ አንደኛው ሌሎችን ዘበኞች ይረዳል፥ ሁለተኛው በቫይረስ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላል። የወደቁትን በልተው የሚያጸዱት ደግሞ እነዚያው የሜችኒኮፍ ማክሮፋጆች ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ እኔን ይበልጥ የነካኝ የ1873 ዓ.ም. ጭንቀቱ ነው። ያን ጊዜ ኀዘኑ አሸንፎት ቢሆን ኖሮ፥ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያን እሾህ የሚሰካ እጅ ባልኖረ ነበር። ከመካከላችን ልቡ የከበደው ቢኖር፥ ነገን ሳያይ ተስፋ አይቍረጥ፤ ለሚቀርበው ሰው ይንገር እላለሁ።